«የማን ነህ?» በሃላም በር

ማርሎ፣ ሚሺጋን
ማርች 19 ቀን 2012

ለዶርሲ ሜይፊልድ፣

«አርዴሊያ ፒኬንስ ዘመዷን በሰው ፊት ካደችው» የሚል ወሬ አላባማ፣ ሄይዝ ክሪክ ድረስ መድረሱን ሰማሁ። ሐሰት ነው። አልካድኩህም። የተጠየቅሁትን በትክክል መለስኩ፤ ትክክለኛው መልስ ደግሞ አልጠቀመህም። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እናትህ ኮሪን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ከማውራቷ በፊት ለይታ ብታያቸው ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ይህን ካስተካከልኩ ሰላምታዬን ላቅርብ። እንደምን አለህ? ሚስትህ ሮሼልስ? ትንሿ ኒያስ? የምጠይቀው ለወግ አይደለም፤ መልሱን እፈልጋለሁ። እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ። እኔን ከጉልበቴ በቀር ሁሉን ጠብቆልኛል።

የሆነው ይህ ነው። እዚህ ያለው ሃላም የመኪና ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሊቀጥር ነው። አዲሶቹ ባለቤቶች ከሠራተኛ ማኅበራችን ጋር ሲዋዋሉ የድሮው ልማድ እንዲቀጥል ተስማምተዋል፤ ማንኛውም ጡረተኛ ለአንድ ዘመዱ መቆም ይችላል። መቆም ማለት ቃሉ እንደሚለው ነው። ማኅበሩ አዳራሽ ትሄዳለህ፣ ተነስተህ ትቆማለህ፣ «እገሌ የኔ ነው» ትላለህ፤ የቆምክለት ሰው ከሌላው አመልካች ይቀድማል። እኔም በ1957 ከአላባማ ስመጣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ፎርማኑ፣ በሩ ላይ «የማን ነሽ?» ሲለኝ «የዊልበርት ፒኬንስ የወንድሙ ልጅ» ብዬ ገባሁ። ነበርኩም።

ባለፈው ሳምንት ተራዬ ደርሶ ቆምኩ። የምትመዘግበው ልጅ ሚስ ፕሪቻርድ ትባላለች፤ ማስቲካ ታኝካለች።

«ለማን ነው የሚቆሙት፣ እማማ?»

«ለዶርሲ ሜይፊልድ።»

«ምንዎ ነው?»

«የአጎቴ ልጅ የልጅ ልጅ።»

ማኘኳን አቆመች። «እሱ እኮ እዚህ ደንቡ ላይ የለም። ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ የወንድም ልጅ፣ የእህት ልጅ ነው የሚለው።»

ከኋላዬ ላቬል ሂክስ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ እኔ መቀመጫ ስሰፋ እሱ በር ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። «አርዴሊያ፣ የእህቴ ልጅ ነው በይና ገላግይን! እግሬ አለቀ!» አለ።

«እህት የለኝም» አልኩት።

«ዛሬ ትወለድልሽ!»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። «ሟቹ ፓስተራችን ሬቨረንድ ቴት የከተማውን ግማሽ የወንድሜ ልጅ እያለ አይደል እንዴ ያስገባው?» አለ ሌላው።

«ሬቨረንድ ቴት ስለዚያ አሁን ሌላ ቦታ ነው የሚጠየቀው» አልኩና ወጣሁ።

አንተ «አክስቴ» ስትለኝ ከልክዬህ አላውቅም። እዚያ ደቡብ አገር ሁላችንም በዕድሜ የምትበልጠንን ሴት ሁሉ አክስት እያልን ነው ያደግነው። ፍቅር ነው፤ ጥሩ ነው። ቆሞ ቃል መስጠት ግን ሌላ ነው። እኔን ያስተማረችኝ ሴት የተሳሳተ ቃል የተናገረ ልጅ ትክክለኛውን እስኪናገር ድረስ እንዲቀመጥ አትፈቅድም ነበር። ያን ክፍል ከለቀቅሁ ዘመን ቢቆጠርም እስካሁን አልተቀመጥኩም።

መልስህን ጻፍልኝ። ስልክ አትደውል፤ በስልክ የተወራ ነገር መጨረሻው ምን እንደሚሆን አይተሃል።

የአያትህ የአጎት ልጅ፣
አርዴሊያ ፒኬንስ


ሄይዝ ክሪክ፣ አላባማ
ኤፕሪል 22 ቀን 2012

ክብርት ሚስ ፒኬንስ፣

አክስት ብዬ እንዳልሳሳት በስምዎ ጠርቼዎታለሁ። ጌታ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ጉልበትዎንም ይማርልዎ።

መልስ ስለሚፈልጉ ልመልስ። ሮሼል ደህና ናት። ኒያ የፊት ጥርሷ ወልቆ «ስ» የምትለው ሁሉ ፉጨት ሆኗል። እናቴ ኮሪን ደህና ናት፤ ግን ተቀይማለች። «ያቺ ሴት ሰማይ ቤት ስትደርስ ጴጥሮስን መዝገቡን አምጣ ብላ ታርመዋለች» እያለች ነው። ይህን ለመናገር አልፈቀደችልኝም፤ እንዳልነገርኩዎ ይቁጠሩልኝ።

ደብዳቤዬ የዘገየው በሥራ ምክንያት ነው። እኔ እኮ ሥራ አለኝ። እዚህ ያለው የውጭ አገር ሰዎቹ የመኪና ፋብሪካ የሃላምን ሦስት እጥፍ ያህላል፤ ወለሉ ከመጽዳቱ የተነሳ ምግብ ይበላበታል። የፊት መብራት ነው የምገጥመው። መኪናው ሳይቆም እየተራመድኩ እገጥማለሁ፤ ቤት ስገባም እግሬ መራመዱን አይተውም። ሮሼል «ተቀመጥ፣ ምንጣፉን ጨረስከው» ትለኛለች። ይህን የምጽፍልዎ ግራጫ ሸሚዜን ለብሼ፣ የማታ ፈረቃ እስኪገባ ድረስ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው።

ስለዚህ አይጨነቁ። እርስዎን ያስቸገርኩት እናቴ ስለወተወተችኝ ነው። ሃላም ድሮ የተከበረ ስም ነበረው ትላለች። እኔ ያን ያህልም አልፈለግሁትም።

ለነገሩ መቆሚያው መቼ ነው የሚያበቃው? ለመጠየቅ ያህል ነው።

አክባሪዎ፣
ዶርሲ


ማርሎ፣ ሚሺጋን
ኤፕሪል 26 ቀን 2012

ለዶርሲ፣

እግዚአብሔር እጅህንም እግርህንም ይጠብቅልህ። የኒያ ጥርስ እስኪበቅል ፉጨቷን ተዉላት፣ አታርሟት። እኔ ይህን ስል ሊገርማችሁ ይችላል።

መቆሚያው ጁን 15 ያበቃል። «ለመጠየቅ ያህል» የሚባል ጥያቄ ግን የለም። ሰው የሚጠይቀው መልሱን ሲፈልግ ነው።

እናትህ ስለ ሃላም የምታወራው ያላየችውን ነው። እኔ ያየሁትን ልንገርህ። ሃላምን የጀመሩት የእርሻ ጋሪ የሚሠሩ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያወጡት ሰዳን የሚባል ትልቅ የቤት መኪና ሐኪም፣ ዳኛና ቀባሪ የሚነዳው መኪና ሆነ። እዚያው ሄይዝ ክሪክ የቀብር ቤቱ ሰውዬ ጥቁር ሃላም ገዝቶ ሲመጣ የሰፈሩ አሮጊቶች ሁሉ «አንድ ቀን በእሱ መሄዴ አይቀርም፤ የሚቆጨኝ ያን ቀን በመስኮቱ ሰው ሰላም ማለት አለመቻሌ ነው» ይሉ ነበር። የዚያን መኪና መቀመጫ የሰፋነው እኛ ነን። ስፌቱ ከጠመመ ፎርማኑ ሳይጮህ በምላጭ ይተረትረውና እንደገና ይሰጥሃል። ለዚህ አከበርኩት።

ከዚያ ቤንዚን ተወደደና ሰው ትንሽ መኪና ፈለገ። ሃላም ፊንች የሚባል ትንሽ መኪና በጥድፊያ አወጣ። በሁለት ክረምት ወለሉ በዝገት ተበላ። «ፊንች ያለው ሰው እየነዳም በእግሩ ይሄዳል» ብለው ቀለዱብን። መንገድ ላይ ባየሁት ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር፤ ስፌቱ ግን የኔ ነበር፣ ስፌቱ አልተበላም።

አንድ ቃል ደግሞ አለ፤ አንተ የግድ ልታውቀው ይገባል። «ቅያሪ» እንላለን። በየበጋው ሃላም ለአዲሱ ሞዴል ማሽኑን ሊቀይር ለጥቂት ሳምንት ይዘጋል። ማንም አይደነግጥም፤ ወንዶቹ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ሴቶቹ ቤት ይቀባሉ፣ ፊሽካው ሲጮህ ሁሉም ይመለሳል። የዛሬ አራት ዓመት በጋ ላይም «ቅያሪ ነው» ብለው ዘጉ። ጎረቤቶቼ ዓሣ አጠመዱ። ኦገስት አለፈ፣ ቅጠል ረገፈ፣ በረዶ መጣ፤ የምሳ ዕቃቸውን በረንዳ ላይ አስቀምጠው የሚጠብቁ ሰዎች አይቻለሁ። ቅያሪ አልነበረም፤ ከስሮ ነበር። የቤቶቹን መስኮት በጣውላ እስኪመቱት ድረስ ማንም ያንን ቃል ሊናገር አልደፈረም።

አሁን አዲሶቹ መጥተው በኤሌክትሪክ የሚሄድ የዕቃ ማድረሻ መኪና እንሠራለን ይላሉ። ፊሽካውን ሰሞኑን እየሞከሩት ነው። በጮኸ ቁጥር ብድግ ብዬ በረንዳ እወጣለሁ፤ ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። ትናንት እዚያ ቆሜ ምድጃ ላይ የጣድኩት ባቄላ አረረ።

አንድ ነገር ግልጽ አድርግልኝ። ኮሪን ለገና ስትጽፍልኝ «የፋብሪካው ሰው ነጭ ሸሚዝ ነው የሚለብሰው» ብላ ኮርታ ነበር። ግራጫው የማን ነው?

አርዴሊያ ፒኬንስ


ሄይዝ ክሪክ፣ አላባማ
ሜይ 20 ቀን 2012

ሚስ ፒኬንስ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ይህን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ግራጫው ለፋብሪካው ሠራተኛ የሚያከራየው ኤጀንሲ ልብስ ነው። ነጭ የሚለብሱት ፋብሪካው የቀጠራቸው ናቸው፤ እኛን የቀጠረን ኤጀንሲ ነው። ያው መስመር፣ ያው መብራት፣ ያው ብሎን። «ትንሽ ጠብቁ፣ ነጭ ትለብሳላችሁ» ይሉናል። ኒያ ስትወለድ ግራጫ ለብሼ ሆስፒታል ሄድኩ፤ ትምህርት ቤት ስትገባም በግራጫ ነው ያደረስኳት። ለእናቴ ነጭ ነው ያልኳት እኔ ነኝ። ለሮሼል ብቻ ነው ያልዋሸሁት፤ ልብሱን የምታጥበው እሷ ስለሆነች።

አንድ ቀን የባለቤቶቹ ትልቅ ሰው ከአገሩ መጣ። መስመሩን ይዞ የሁሉንም እጅ እየጨበጠ መጣና እኔ ጋ ሲደርስ እጄን ዘረጋሁ። ተቆጣጣሪው ክንዱን ይዞ አሳለፈው። «እነዚህ የኛ አይደሉም» አለው። ሰውዬው እያዘነ ሲያልፍ አየሁት። እጄን ምን እንደማደርገው ስላላወቅሁ መብራቱን ወለወልኩት።

ከፋሲካ በኋላ መስመሩን አዘገዩና ግራጫዎቹን በሙሉ አሰናበቱን። ቀድሞ የጻፍኩልዎ ቀን ሸሚዙን ልመልስ ነበር የሄድኩት፤ መኪና ውስጥ የተቀመጥኩት መውረድ አቅቶኝ ነው። አሁን መጋዘን ውስጥ ካርቶን አራግፋለሁ፤ በሚጠሩኝ ቀን ብቻ። በማይጠሩኝ ቀን መኪናዬን ይዤ ያለ ምክንያት እዞራለሁ።

እንግዲህ እውነቱን ስነግርዎ እርስዎም ይንገሩኝ። ያን ቀን እምቢ ያሉት ለቃሉ ብለው ነው? እኔ አይመስለኝም። ሃላም እንደገና ይዘጋል ብለው ፈርተዋል፤ ትክክለኛው ቃል ደግሞ መደበቂያ ሆነዎት። የፈሩልኝ ከሆነ አመሰግናለሁ። ግን እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ በር ላይ «የማን ነህ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። ካርዴን ብቻ ነው የሚያዩት፤ እሱም ላይ ያለው የኤጀንሲው ስም ነው።

ገንዘብ አልጠይቅዎትም። አንድ ቃል ነው የምጠይቅዎ። የእህቴ ልጅ ይበሉኝ።

ዶርሲ


ማርሎ፣ ሚሺጋን
ሜይ 29 ቀን 2012

ለዶርሲ፣

የዘረጋኸውን እጅ እግዚአብሔር አይቶታል። ከዚህ በላይ ስለሱ አልጽፍም፤ ብጽፍ እቆጣለሁ።

ስለኔ ያልከው ግማሹ ልክ ነው። ፈርቼ ነበር፤ አሁንም እፈራለሁ። ሌላውን ግማሽ ግን ስተሃል። ሃላም ለዘላለም ክፍት እንደሚሆን መልአክ መጥቶ ቢነግረኝም የእህቴ ልጅ አልልህም ነበር። የሌለች እህት ፈጥሬ ባስገባህ አንተን ሳይሆን የሌለ ሰው አስገባሁ ማለት ነው።

ደብዳቤህን አንብቤ መቀመጥ አልቻልኩም። ባርኔጣዬን አደረግሁና አዳራሹ ሄድኩ። ሚስ ፕሪቻርድ ስታየኝ ማስቲካዋን በወረቀት ጠቀለለችው፤ ይህን ወደድኩላት።

«ደንቡን አንብቢልኝ» አልኳት።

«ነግሬዎታለሁ እኮ እማማ፤ ልጅ፣ የልጅ ልጅ...»

«እስከ መጨረሻው።»

«ሙሉውን?»

«አራት ነጥቡ ድረስ።»

እየተንተፋተፈች አነበበች። የእህት ልጅ ከሚለው ቀጥሎ ገጹ ይገለበጣል። ከጀርባው «ወይም በጡረተኛው ቤት በቋሚነት አብሮ የሚኖር ማንኛውም ዘመድ» ይላል። ልጅቷ ራሷ ደነገጠች።

«ይህን ያኔ ለምን አላነበብሽልኝም?»

«እኔ ምን አውቄ! አንብቢ ያለኝ ሰው የለም። ሁሉም መጥቶ የእህቴ ልጅ ነው ብሎ ነው የሚሄደው!»

ላቬል ሂክስ እንደ ልማዱ እዚያው ቁጭ ብሎ ነበር። «ጉድ ነው» አለ። «አንቺ ግን በሁለት ቃል የሚያልቀውን ነገር ቤት አስፈርሰሽ ልትጨርሺው ነው።»

«ቤቴ አይፈርስም፤ ይሞላል» አልኩት። ከአፌ ካወጣሁት በኋላ ነው የሰማሁት።

ስለዚህ የምለውን በደንብ አንብብ። ከጁን 15 በፊት ሦስታችሁም መጥታችሁ እኔ ቤት የምትኖሩ ከሆነ እቆምልሃለሁ። በስም ብቻ አይሆንም። ሻንጣ አስቀምጦ መመለስ አይሆንም። ልብሳችሁ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ኒያ ማርሎ ትምህርት ቤት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከኔ ጋር። እኔ አስቸጋሪ ሴት ነኝ፤ ይህ ወሬ አይደለም፣ ማስተባበያም አልጽፍበትም። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ዕቃ ከየት እንደተነሳ እዚያው ይመለሳል። የምትነዳውን የውጭ መኪና ከቤቱ ጀርባ ታቆመዋለህ፤ አፍሬብህ ሳይሆን የዚህ ሰፈር ሰው የውጭ መኪና ሲያይ መስታወት ስለሚሰብር ነው።

ሃላም እንደሚቆይ ቃል አልገባልህም። ስለማላውቀው ነገር ቃል አልገባም። ቶሎ መልስልኝ።

አርዴሊያ ፒኬንስ


ሄይዝ ክሪክ፣ አላባማ
ጁን 4 ቀን 2012

አክስት አርዴሊያ፣

ይህን ቃል መልሼ ጽፌዋለሁ፤ ቆመው ቃል ሲሰጡ አይጠቀሙበት፣ እኔ ግን እጠቀምበታለሁ። ጌታ ይባርክዎ።

ደብዳቤዎን ለሮሼል አነበብኩላት። «እሷ ቤት? እኔ?» አለች። «አስተጣጠቤን ታርማለች። አተኛኘቴን ታርማለች።»

«ኒያን አታርሟት ብላለች እኮ» አልኳት።

«ኒያ ስድስት ዓመቷ ነው! የኔ ጥርስ በቅሎ አልቋል!»

እኔም ሁለት ቀን ሙሉ እንደ እብድ ስዞር ዋልኩ። መጋዘኑ ሲጠራኝ አንድ ጊዜ ሄድኩ፣ አንድ ጊዜ ስልኩን አላነሳሁም። ትናንት ከውጭ ስገባ ሮሼል ሳህኖቹን በጋዜጣ እየጠቀለለች አገኘኋት። ቀና ሳትል «ፋብሪካው ባይቀጥርህስ?» አለች።

«እንግዲህ ሚሺጋን ሥራ ፈት እሆናለሁ።»

«እዚህም ሥራ ፈት ነህ። እዚያ ቢያንስ የምትጨቀጭቀኝ ሴት ታስብልናለች» አለችና መጠቅለሏን ቀጠለች።

ለቤቱ ባለቤት እንደምንለቅ ነግረናል፤ ሌላ ተከራይ ተስማምቷል። ስለዚህ የምንመለስበት ቤት የለንም። እናቴ አንድ ጊዜ አልቅሳ፣ አንድ ጊዜ ተሳድባ፣ አሁን ለርስዎ የምንወስደውን የፔካን ለውዝ እየፈለፈለች ነው። ዓርብ ተነስተን ኬንታኪ፣ ሉዊቪል የሮሼል እህት ዘንድ እናርፋለን፤ ረቡዕ ማርሎ እንገባለን። የሚሉን ነገር ካለ ወደዚያ ይጻፉልን፤ አድራሻው ከጀርባው አለ።

ዶርሲ


ማርሎ፣ ሚሺጋን
ጁን 8 ቀን 2012

ለዶርሲ፣ በሉዊቪል፣

በሰላም ደርሳችሁ ይህን እንድታነቡ እለምናለሁ፤ ፍሬኑን እግዚአብሔርም አንተም አብራችሁ ተቆጣጠሩት።

ማወቅ የሚገባህን በቅድሚያ ልንገርህ። ትናንት ሃላም መግለጫ አወጣ። መከፈቻው በጋ ላይ አይደለም፤ መኸር ላይ ነው ይላሉ። ከአቅራቢ የሚመጣ ዕቃ ዘገየብን አሉ። ላቬል ከመንገዱ ማዶ ሆኖ «ቅያሪ ነው፣ አርዴሊያ! ዓሣ ማጥመጃሽን አውጪ!» እያለ ጮኸብኝ። አልሳቅሁም። እሱም ከሳቀ በኋላ አጥሩን ይዞ እዚያው ቀረ። ልጁን አስመዝግቧልና።

ሄጄ ሚስ ፕሪቻርድን ጠየቅኋት። መቆሚያው አልተራዘመም፤ ያው ጁን 15 ነው። ሐሙስ ራሷ ቤቴ መጥታ መኖራችሁን አይታ ትመዘግባለች። ሥራው ግን ከመኸር በፊት የለም፤ መኸርም እንዳሉት ከመጣ ነው። ከፋብሪካው ደጅ በኩል ብረት ሲቆርጡ ይሰማል፣ መብራት ይበራል፣ የጭነት መኪናዎች ይገባሉ። ለመዘጋት የሚዘጋጅ ሰው ይህን ሁሉ አያደርግም ብዬ አሰብኩ። ደግሞ በተዘጋበት በጋም ግድግዳውን ቀለም ሲቀቡት እንደነበር አስታወስኩ። ሁለቱንም የጻፍኩልህ እያወቅህ እንድትወስን ነው።

ሉዊቪል ላይ መቅረት ከፈለጋችሁ አልቀየማችሁም። የሮሼል እህት ሥራ ልታገኝልህ ትችል ይሆናል። አስባችሁበት ወስኑ፤ ግን ለኔ ብላችሁ አትምጡ፣ ለኔ ብላችሁም አትቅሩ።

እኔ እንደምትመጡ አድርጌ እየተዘጋጀሁ ነው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከክፍል ክፍል ስመላለስ ዋልኩ። ይህን ጨርሼ ፖስታ ቤት ሳይዘጋ እደርሳለሁ።

ነገ ቅዳሜ ነው። ከሁሉ በፊት የጓሮውን ክፍል መስኮት እከፍታለሁ፤ ቀለም ስላጣበቀው በቢላ ዙሪያውን መፈልቀቅ አለብኝ። ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ ቅዳሜም ጸሐፊዋ ስለምትገባ ኒያን ለመመዝገብ ምን እንደሚያስፈልግ እጠይቃለሁ። ከዚያ ላቬልንና ልጁን ጠርቼ ክፍሉ መሀል ያለውን የስፌት ማሽን ምድር ቤት እንዲያወርዱልኝ አደርጋለሁ። ጡረታ ስወጣ ከሃላም የገዛሁት ነው፤ ብረት ነው፣ ወለሉን አጎድጉዷል፣ በሱ ቦታ አልጋ ይገባል። ላቬል ወገቤ እያለ እንደሚያማርር አውቃለሁ። ማሽኑ አንዴ ከወረደም ብቻዬን መልሼ ላወጣው እንደማልችል አውቃለሁ።

አርዴሊያ ፒኬንስ